«ንጹሕ» የሚለውን ቃል ለማን እንሰጣለን?

«ልጃገረድ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ወጣት ሴት ማለታችን ነው፤ ድንግል ማለታችንም ነው። በአንድ ቃል ዕድሜዋንም ገላዋንም እንናገራለን። ወንዱን «ጎረምሳ» ስንለው ግን ዕድሜውን እንጂ ያለፈ ታሪኩን አንጠይቅም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቶማስ ሃርዲ በ1891 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ቴስ» በተሰኘው ልብ ወለድ ይህንኑ ያነሣል። የመጀመሪያውን ክፍል «ልጃገረድ» ሲል ሰየመ፤ የሁለተኛው ርእስ ከእንግዲህ ልጃገረድ አለመሆኗን ይናገራል። በመካከሉ ምን ሆነ? ድኾች ወላጆቿ ዘመድ ነው ብለው ወደ አንድ ባለጠጋ ቤት ላኳት። አንድ ሌሊት ጫካ ውስጥ ተኝታ ሳለች የቤቱ ልጅ አሌክ ደረሰባት። የወለደችው ሕፃንም ሞተባት።

እኛስ እንዲህ ላለው ነገር «ክብረ ንጽሕናዋ ተገሰሰ» እንል የለ? በሌላው ሰው በደል የእርሷ ክብርም ንጽሕናም አብረው የጠፉ ይመስል!

ከዓመታት በኋላ ኤንጅል ክሌር የተባለ የቄስ ልጅ ወደዳት። ከሠርጉ በፊት ታሪኳን ጽፋ በበሩ ሥር አስገባችለት፤ ደብዳቤው ግን ምንጣፍ ሥር ገብቶ ሳያየው ቀረ። በተጋቡበት ምሽት ቀድሞ የተናዘዘው እርሱ ነበር። ለንደን ውስጥ ከአንዲት ሴት ጋር ሁለት ቀን በዝሙት አሳልፏል። ቴስ ወዲያው ይቅር አለችው። የእርሷን ሲሰማ ግን የወደዳት ሴት እርሷ እንዳልሆነች ነገራት፤ ትቷትም ብራዚል ሄደ። ተጸጽቶ ሲመለስ ችግር ወደ አሌክ መልሷት ነበር። እርሷም አሌክን ገድላ በስቅላት ተቀጣች።

ሃርዲ ከርእሱ ሥር ቴስን «ንጹሕ ሴት» ብሎ ጻፈ። ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጦ ያከራከረው ይኸው ቃል ነው። «ነፍሰ ገዳይ እንዴት ንጹሕ ትባላለች?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ኤንጅል ይህን ስም የነፈጋት እጇ ደም ሳይነካ፣ ገና በሠርጓ ምሽት እንደ ነበር አስተውሉ።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ ሴቲቱን ለፍርድ ያመጧት ብቻዋን ነው። ወንዱ የት ነበር?

ወላጆች ሆይ፣ ለወንድ ልጃችሁ ሚስት ስትታጭ «ልጅቷ ጨዋ ናት ወይ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። መጠየቁ መልካም ነው። የእርሷም ወላጆች ስለ ልጃችሁ ያንኑ ሲጠይቁ ቅር አይበላችሁ።