በግል የተገጣጠመ ኮምፒውተር ሲግልና ሲዘገይ ሊደረጉ የሚገባቸው ፍተሻዎች

የንግድ ፈቃድ እድሳትንና የፓስፖርት ማመልከቻን የመሳሰሉ አገልግሎቶች በኦንላይን መሰጠት በመጀመራቸው፣ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች የሚገኝ አንድ ኮምፒውተር መበላሸት የበርካታ ባለጉዳዮችን ቀጠሮ ሊያስተጓጉል ይችላል። ክፍሎቹ ለየብቻ ተገዝተው በተገጣጠሙ ዴስክቶፖች ላይ በተደጋጋሚ ከሚያጋጥሙ ችግሮች አንዱ የፕሮሰሰር ሙቀት ነው። መንስኤው ሳይታወቅ ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግ ሰነዶችን ሊያጠፋ ይችላል፤ ሙቀቱን ግን አይቀንስም።

ሙቀትና ፍጥነት ያላቸው ግንኙነት

ፕሮሰሰር ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ የሙቀት ጣሪያ ተቀምጦለታል። በብዙዎቹ ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ይህ ጣሪያ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሙቀቱ እዚህ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም ካልበቃ ኮምፒውተሩ በድንገት ይጠፋል።

የአካባቢው ሁኔታም የራሱ ድርሻ አለው። የክፍሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የፕሮሰሰሩ ሙቀትም በተቀራራቢ መጠን ይጨምራል። በመሆኑም ከወልድያ ዝቅ ብላ በምትገኘው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ፣ በቀትር ሰዓት በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ኮምፒውተር ይበልጥ ይፈተናል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ወልድያ ደግሞ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ስስ በመሆኑ ፋኑ የሚያስወግደው ሙቀት ይቀንሳል።

መንስኤውን መለየት

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት በመጫን ታስክ ማናጀርን መክፈትና የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ማየት ይቻላል። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱ ዝቅ ማለቱ ጤናማ ነው። ከባድ ሥራ ላይ እያለ ከመነሻ ፍጥነቱ በታች ከወረደ ግን ችግር መኖሩን ያመለክታል። ቀጥሎ እንደ ኮር ቴምፕ ባለ ነጻ ፕሮግራም ሙቀቱን መለካት ያስፈልጋል።

ሙቀቱ ወደ ጣሪያው ከተጠጋ ጥፋቱ የማቀዝቀዣው ነው። ሙቀቱ ዝቅተኛ ሆኖ ፍጥነቱ ከቀነሰ የኃይል አጠቃቀም ምርጫው “ፓወር ሴቨር” ላይ አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ፍጥነቱ ጤናማ ሆኖ ኮምፒውተሩ ከዘገየ ደግሞ የማስታወሻ ወይም የሃርድ ዲስክ መጨናነቅ፣ አለዚያም ቫይረስ ሊሆን ይችላል።

የማስተካከያ እርምጃዎች

1. አስፈላጊ ሰነዶችን በፍላሽ ዲስክ መገልበጥ፣ ኮምፒውተሩን ማጥፋትና ከኤሌክትሪክ መንቀል።
2. ኬዙን ከፍቶ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት። በአየር በሚነፋበት ጊዜ የፋኑ ምላስ እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ ይገባል።
3. የፕሮሰሰሩ ፋን ማዘርቦርዱ ላይ “ሲፒዩ ፋን” በሚለው ቦታ መሰካቱንና ኮምፒውተሩ ሲበራ መዞሩን ማየት።
4. የማቀዝቀዣው አራቱም ማያያዣዎች በእኩል መጥበቃቸውን ማረጋገጥ። በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ከማቀዝቀዣው ሥር ያለው መከላከያ ፕላስቲክ ሳይነሣ መቅረቱ የተለመደ ስህተት ነው።
5. ማቀዝቀዣው ከተነሣ የቀድሞውን ተርማል ፔስት በአልኮል ማጽዳትና የአተር ፍሬ የሚያህል አዲስ መቀባት። ከመጠን ያለፈ መቀባት ጥቅም የለውም።
6. የፊት ፋን አየር እንዲያስገባ፣ የኋላው እንዲያስወጣ ማድረግ፤ ኬዙንም ከወለልና ከግድግዳ ማራቅ።

ከጥገናው በኋላ ሙቀቱን በተመሳሳይ ሥራ ላይ እንደገና መለካት ውጤቱን ያሳያል። ሙቀቱ ከቀነሰ በኋላም ኮምፒውተሩ በድንገት የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩንና የኤሌክትሪክ መስመሩን በባለሙያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

ወደ ጥገና ባለሙያ የሚሄዱ ተጠቃሚዎች ከጥገናው በፊትና በኋላ የተለካውን ሙቀት እንዲያሳያቸው ቢጠይቁ፣ ያለ በቂ ምክንያት አዲስ ፕሮሰሰር ከመግዛት ወጪ ሊድኑ ይችላሉ።