ወለሉ የሚከዳው ጨዋታ

«ዳገርፎል» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1996 ከአሜሪካው ቤቴስዳ ሲወጣ ስፋቱ ጉድ አሰኝቷል፤ ከተማው፣ መንደሩና ዋሻው በሺዎች ይቆጠራል። ስህተቱም እንደ ስፋቱ ነው። ተጫዋቹ ዋሻ ውስጥ ጭራቅ ሲያሳድድ በግድግዳና በወለል መጋጠሚያ ሾልኮ ከካርታው ውጭ፣ ጥቁር ባዶ ውስጥ ይወድቃል። በኋላ የወጣው ማስተካከያ መላ አበጀለት፦ «አልት» እና «ኤፍ11» አንድ ላይ ሲጫኑ ገጸ ባሕርዩ ወደ ዋሻው ይመለሳል። ዋናው ታሪክ መሐል ላይ እንዳይበላሽ ግን ፍቱኑ ዘዴ ስድስቱን የማስቀመጫ ቦታዎች እያፈራረቁ መጠቀም ነው። መብራት ድንገት ድርግም ሲልም ይኸው ልማድ ያድናል።

ጨዋታው ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ በነፃ ይገኛል፤ የድሮ የዶስ ፕሮግራሞችን በሚያስኬደው «ዶስቦክስ» አማካይነት አቅመ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። አድናቂዎች «ዩኒቲ» በተባለው የጨዋታ መሥሪያ እንደ አዲስ የሠሩት ቅጂ አብዛኛውን ችግር አስወግዷል፤ ለጀማሪ የሚሻለውም እሱ ነው።