የወተቱና የጨው ዕቃው ነገር

ከአሰላ ገበያ ጨው ሸምታ፣ ለልጇ ወተት አፍልታ የምትሰጥ እናት ስለ አቶም ኃይል ምን አሳሰባት? የሚል አይጠፋም። መልሱ ያለው ግን ከዚያው ከወተቱና ከጨው ዕቃው ነው።

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. በሶቪየት ዩክሬን የቼርኖቢል ማመንጫ ሲፈነዳ አዮዲን 131 የተባለ ጨረር ያለበት ብናኝ በነፋስ ተበተነ። ከሣሩ ላይ ዐረፈ፤ ላሟ ጋጠችው፤ ሕፃኑ ከወተቱ ጋር ጠጣው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ሰብሳቢ ነውና መርዙን አከማቸ። በአካባቢው ምግብ አዮዲን ያንስ ስለነበር የተራበው ዕጢ አብዝቶ ወሰደ። እስከ 1997 ዓ.ም. በልጅነታቸው ከተጋለጡት መካከል ከ6,000 በላይ የሚሆኑት በዕጢው ካንሰር ታመሙ። አብዛኞቹ በሕክምና ቢድኑም የወላጆች ስጋት ለዓመታት ዘልቋል።

የአዮዲን 131 ኃይል በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። ትኩሱን ወተት ለጥቂት ሳምንታት መከልከል ብቻ ብዙ ልጆችን በጠበቀ ነበር። ለብዙዎቹ የገጠር እናቶች ግን በጊዜው የነገራቸው አልነበረም። በ1960ዎቹ በካዱ አማካይነት የአርሲን የከብት እርባታ የረዳችው ስዊድን፣ ብናኙ በደረሰባቸው ወረዳዎች ላሞች ከበረት እንዳይወጡ አድርጋለች።

በአገራችንም ማመንጫ ለመገንባት በ2018 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። እናቶች ሆይ! አደጋ ቢደርስ ማን፣ መቼ ይነግረናል? ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው። እንቅርት ለደጋው የቆየ ችግር ነውና አዮዲን ያለውን ጨው እንምረጥ፤ ከድነን እናስቀምጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል እንጨምር። ጨው የጨረር መድኃኒት አይደለም፤ የልጆቻችንን ዕጢ ግን ከረኀብ ያድናል።