አባት ሲሞት የአካል ጉዳተኛው ጎልማሳ ልጅ መብት በአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ



ውድ አንባቢያን፣ የቲም ሲባል ሁላችንም በዓይነ ኅሊናችን የምናየው ሕፃን ልጅ ነው። በፊቅህም ቢሆን የቲምነት ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ያበቃል። ይሁን እንጂ ሠርቶ ማደር የማይችል ልጅ፣ ዕድሜው ቢገፋም፣ ነፈቃው ከአባቱ ጫንቃ እንደማይወርድ ሊቃውንት አስተምረዋል። አባቱ ሲሞትስ? በአሜሪካ ለሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ለዚህ ጥያቄ ከመንግሥት በኩል መልስ አለ፤ ብዙዎች ግን ሳያውቁት ዓመታት ያልፋሉ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ታክሲ ነጂ የነበሩት አባት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሲሞቱ ልጃቸው 15 ዓመቱ ነበር። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። በአባቱ መዝገብ የልጅ አበል ሲያገኝ ቆይቶ 18 ዓመት ሲሞላው አበሉ ተቋረጠ። እናቱም ነገሩ በዚህ አለቀ ብለው ተቀመጡ። እኛ ጉዳዩን ያነሣነው ልጁ 26 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

ሕጉ ግን የሚለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የአሜሪካ ምክር ቤት ጉዳተኛ የሆነ ልጅ ከ18 ዓመቱ በኋላም በወላጁ መዝገብ አበል እንዲያገኝ ፈቀደ። ያኔ ጉዳቱ ከ18 ዓመት በፊት የጀመረ መሆን ነበረበት፤ በ1972 በወጣው ማሻሻያ ግን ወሰኑ ወደ 22 ዓመት ከፍ አለ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ልጁ ዛሬ ስንት ዓመቱ ነው የሚለው አይደለም፤ ጉዳቱ የጀመረው 22 ዓመት ሳይሞላው ነውን የሚለው ነው። ወላጁ የሞተው ልጁ 40 ዓመት ከሞላው በኋላ ቢሆንም መብቱ አለ። ልጁ ራሱ አንድ ቀን እንኳ ሠርቶ መሆን አይጠበቅበትም።

የአበሉ መጠን ሟቹ ሊያገኙት ይገባ ከነበረው መሠረታዊ አበል 75 በመቶ ነው። ለቤተሰቡ በሙሉ የሚከፈለው ድምር ግን ከዚሁ መሠረታዊ አበል ከ150 እስከ 180 በመቶ ባለው ጣሪያ ይወሰናል። ልጁን የሚንከባከቡት እናትም ሌላ ባል ካላገቡ በራሳቸው ስም አበል ሊያገኙ እንደሚችሉ አይዘንጋ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ለቀብር የሚሰጠውን የአንድ ጊዜ 255 ዶላር ብቻ ነው!

«አባቱ እዚህ አገር ብዙ አልሠሩም» የሚሉ አሉ። ሟቹ ከመሞታቸው በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ገደማ ውስጥ 6 ክሬዲት፣ ማለትም የአንድ ዓመት ተኩል ያህል ሥራ፣ ካላቸው ለልጅ አበል ይበቃል። ነገር ግን የሚቆጠረው ግብር የተከፈለበት ሥራ ነው። በግል የሚሠሩ ወንድሞች ገቢያቸውን ሳያሳውቁ ሲቀሩ ከመንግሥት ያተረፉ ይመስላቸዋል፤ የሚጎዱት ግን የገዛ ልጆቻቸውን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ስሕተት ልመለስ። ያ ልጅ አባቱ የተዉለትን መብት ሳይጠይቅ ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን የችግረኞች ድጎማ ይቀበል ነበር። እኛም ከሰደቃው በየወሩ 200 ዶላር በእጁ እንሰጠው ነበር። ኤስ ኤስ አይ የተቀባዩን ገቢና ንብረት የሚመረምር በመሆኑ ከ20 ዶላር በላይ ያለውን ስጦታ ይቀንሳል። ስለዚህ 180 ዶላሩ ከልጁ ድጎማ ተቀነሰ፤ የሰጠነው ለልጁ ሳይሆን ለመንግሥት ግምጃ ቤት ሆነ። በስሙም ከ2,000 ዶላር በላይ ከተጠራቀመ ድጎማው ይቋረጣል። ከመስከረም 30 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ምግብ በስጦታነት አይቆጠርም። ስለዚህ ለጋሾች አስቤዛ ቢገዙለት ወይም የስልክ ሂሳቡን በቀጥታ ለድርጅቱ ቢከፍሉለት ይሻላል፤ የቤት ኪራይ መክፈል ግን አሁንም ሊያስቀንስ ይችላል። በወላጅ መዝገብ የሚገኘው አበል እንዲህ ያለ የንብረት ምርመራ የለበትም። ከ24 ወር በኋላም ሜዲኬር ያስገኛል። በዚህ አበል ምክንያት ኤስ ኤስ አይ የተቋረጠበት ሰው ሜዲኬይዱን ይዞ እንዲቀጥል ሕጉ ይጠብቀዋል፤ ቢሮው ቢዘነጋ እናንተ አስታውሱ።

ስለ ኒካህ አንድ ነገር ልጨምር። ተጠቃሚው ሲያገባ አበሉ ይቆማል፤ የሚያገባው ሰው ራሱ ይህን የመሰለ የሶሻል ሴኩሪቲ ተጠቃሚ ከሆነ ግን አይቆምም። በፍቺ ደግሞ አይመለስም። ይህ ማለት አታግቡ ማለት አይደለም፤ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ጠይቁ ማለት ነው። ጋብቻን ደብቆ አበል መብላት ግን ሐራም ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል።

ልጁ ገንዘቡን ማስተዳደር ካልቻለ መሥሪያ ቤቱ በእርሱ ስም የሚቀበል ተወካይ ይሾማል። ብዙውን ጊዜ እናት ይሾማሉ። ተወካዩ ገንዘቡን ከራሱ ሳይቀላቅል ይይዛል፤ የወጪውንም መዝገብ ያኖራል። የየቲም ገንዘብ አደራ ምን እንደሆነ ለምታውቁ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጉዳቱ ከ22 ዓመት በፊት መጀመሩን ማስረዳት ነው። በተለይ ሕመሙ በ19 ወይም በ20 ዓመት የጀመረ የአእምሮ ሕመም ከሆነ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት የልዩ ድጋፍ መዝገብን፣ ከኢትዮጵያ የመጣ የሆስፒታል ካርድንም አትጣሉ። ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚከፈለው ቢበዛ የ6 ወር ነውና የዚያ ልጅ ስምንት ዓመት አልተመለሰም። ማመልከቻው የሚጀመረው በአካባቢው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ወይም በስልክ ቁጥር 1-800-772-1213 ሲሆን፣ አማርኛ አስተርጓሚ ሲጠየቅ ያለ ክፍያ ይመደባል።