06/2027፦ የመጋዘን ሶፍትዌር የሚፈተንበት ቁጥር

አንድ የመድኃኒት ካርቶን ላይ የማብቂያ ጊዜው 06/2027 ተብሎ ታትሟል እንበል። አምራቹ የጻፈው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ሰኔ 2019 ማለት ነው። ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚሠራ ሶፍትዌር እንዳለ ቢሰጥ ግን የካቲት 2027 ሆኖ ይመዘገባል፤ መድኃኒቱ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ የሌለው ዕድሜ ይጨመርለታል። በመድኃኒት መጋዘን ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ ይወጣልና ያ ካርቶን ተራው ሳይደርስ መደርደሪያው ላይ ይበላሻል። ጥፋቱን በንብረት ሠራተኛው ላይ መጣል ይቀላል። የእኔ ክርክር ግን ሶፍትዌሩ ለሠራተኛው ካልተመቸ መዝገቡ እውነት ሊሆን አይችልም የሚል ነው።

ብዙዎች መፍትሔው ሥልጠና ነው ይላሉ። ሥልጠና ያስፈልጋል፤ የሚያርመው ግን አንዱን ዓይነት ስህተት ብቻ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ሪዝን እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ሰው ስህተት ባሳተመው መጽሐፍ፣ አሠራሩን ካለማወቅ የሚመጣውን ስህተት እያወቁ እጅ ከሚያዳልጠው ለይቶታል። ሁለተኛው ሥራውን የለመደውንም ሰው አይምርም፤ እንዲያውም እጁ ሳያስብ የሚሄደው የለመደው ሰው ነው። ይህን ስህተት የሚይዘው የሶፍትዌሩ መመዝገቢያ ገጽ አሠራር ነው፦ ቀኑን ካርቶኑ ላይ እንደታተመ ተቀብሎ በሁለቱም አቆጣጠር ከነወሩ ስም መልሶ ያሳያል። አብዛኛው መድኃኒት ከተመረተ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ ስለሚያበቃ፣ ከዚያ የራቀ ቀን ሲገባለት «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ባርኮድ ይህን ድካም ያቀላል፤ ሆኖም የማብቂያ ጊዜውን የያዘ ባርኮድ ሁሉም ካርቶን ላይ የለም፣ ቢኖርም ዕቃው የት እንደተቀመጠ አይናገርም።

በመደርደሪያውና በኮምፒዩተሩ መካከል ያለው ርቀትም የራሱ ጣጣ አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኔልሰን ኮዋን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊሠራበት የሚችለው አራት ያህል ነገር ብቻ ነው ይላል። የባች ቁጥር፣ ብዛት፣ የማብቂያ ጊዜና የመደርደሪያ ቁጥር ተደምረው አራት ናቸው፤ በመንገድ ላይ ሌላ ሰው አንድ ጥያቄ ከጠየቀ አንዱ ይወድቃል። ኮምፒዩተሩ ቢሮ ውስጥ ከሆነ ሠራተኛው ቢን ካርዱን ሞልቶ፣ ሞዴል 19 (የገቢ ደረሰኝ) ወይም ሞዴል 22 (የወጪ ደረሰኝ) ቆርጦ፣ ምዝገባውን ለማታ ያቆየዋል። እስከዚያ ድረስ ኮምፒዩተሩ የወጣውን ዕቃ አለ ይላል። ስለዚህ ገጹ በእጅ ስልክ እስከ መደርደሪያው ድረስ መሄድ፣ ኔትወርክ ሲጠፋም መመዝገብ አለበት።

ኦዲተሮች ለሠራተኛው እንዲመች ተብሎ ገጹ ሲያጥር ቁጥጥሩ ይላላል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ የመንግሥት ንብረት ተጠያቂ ይፈልጋል። ግን ሃያ ክፍት ቦታ የግድ እንዲሞላ የታዘዘና የተቻኮለ ሰው ዜሮ ይጽፋል፣ ወይም ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ኦዲተሩም የሞላ ግን ሐሰተኛ መዝገብ ይረከባል። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደመዘገበ ሶፍትዌሩ ራሱ ያውቃል። ከሠራተኛው የሚጠየቀው በዓይኑ ያየውና በእጁ የቆጠረው ብቻ ይሁን።