ያለ ፈቃድ የሚወርድ ሙዚቃና ፊልም፦ የሕጉ ወሰንና የሥነ ምግባሩ ጥያቄ

ከባለመብቱ ፈቃድ ሳያገኙ ሙዚቃና ፊልም ከኢንተርኔት ማውረድ በሰፊው የሚፈጸም፣ ነገር ግን በፈጻሚዎቹ ዘንድ እምብዛም እንደ ጥፋት የማይቆጠር ድርጊት ነው። ከሱቅ ዕቃ ለማንሣት ከቶ የማይደፍር ሰው ያወረደውን ፊልም በፍላሽ ለጓደኛው ሲያቀብል ሕሊናው አይቆረቁረውም። ይህ ዝምታ ከሁለት ነገሮች አንዱን ያመለክታል፤ ወይ ሕጉ ነውር ያልሆነውን ነገር ከልክሏል፣ ወይ ድርጊቱ የሚያደርሰው ጉዳት ከፈጻሚው ዓይን ርቋል። የትኛው እውነት እንደሆነ ለመለየት የሕጉን ድንጋጌና የሥነ ምግባሩን መከራከሪያ ነጣጥሎ መመርመር ያስፈልጋል።

ሕጉ የከለከለውና የፈቀደው

በኢትዮጵያ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተደንግጎ ቆይቶ፣ በ1996 ዓ.ም. በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ራሱን የቻለ ሕግ ወጥቶለታል። በአዋጁ መሠረት የሥራ አመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። ከዋኞችና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሮችም የ50 ዓመት ጥበቃ አላቸው። መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 ዓመት በማያንስና ከ10 ዓመት በማይበልጥ እስራት ይቀጣል።

ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 9 አንድ ግለሰብ የታተመ ሥራን ለግል ዓላማው ብቻ በአንድ ቅጅ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። የኮምፒውተር ፕሮግራምን የመሳሰሉ ሥራዎች ከዚህ ፈቃድ ውጭ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ አከራካሪ ነጥብ ይነሣል፤ ቅጅው የተወሰደበት ምንጭ ራሱ ሕገ ወጥ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ በሌሎች አገሮችም ተነሥቷል። በኔዘርላንድ ለግል መገልገያ ማውረድ ከየትም ምንጭ ቢሆን እንደተፈቀደ ይታይ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በሰጠው ውሳኔ ግን የግል ቅጅ ፈቃድ ከሕገ ወጥ ምንጭ የተወሰደን ቅጅ እንደማይሸፍን አስታውቋል። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ፈቃድ ሕገ ወጥ ቅጅዎች እንዲሠራጩ ያበረታታል፣ የሕጋዊውንም ገበያ ይጎዳል የሚል ነበር። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች በዚህ ውሳኔ አይገደዱም፤ መከራከሪያው ግን አንቀጽ 9ን ለሚተረጉም ሁሉ ክብደት አለው።

ስርቆት ነውን?

ሕግ የከለከለው ሁሉ በሥነ ምግባር ስርቆት ነው ማለት አይደለም። የተሰረቀ መጽሐፍ ከባለቤቱ መደርደሪያ ይጎድላል፤ የተቀዳ ዘፈን ግን በባለቤቱ እጅ እንዳለ ይኖራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1985 በዳውሊንግ ጉዳይ ያለ ፈቃድ የተባዙ የሙዚቃ ሸክላዎች በተሰረቀ ንብረት ሕግ ትርጉም ውስጥ እንደማይወድቁ ወስኗል። ስለዚህ «ማውረድ ስርቆት ነው» የሚለው አባባል የጉዳዩን ጭብጥ ያድበሰብሳል። ማውረድ ስህተት ከሆነ፣ ስህተትነቱ በሌላ ምክንያት ሊብራራ ይገባል።

የመጀመሪያው አማራጭ ምክንያት ጉዳት ነው። ይሁን እንጂ የወረደ ቅጅ ሁሉ የጠፋ ሽያጭ አይደለም፤ ብዙ አውራጆች ቢከለከሉም አይገዙም ነበር። ኦበርሆልዘር ጊ እና ስትራምፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ፋይል መጋራት በአልበም ሽያጭ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ በስታቲስቲክስ ከዜሮ የማይለይ ነው ሲሉ፣ ሊቦዊትዝን የመሰሉ ሌሎች የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ግን ድምዳሜውን አጥብቀው ተቃውመዋል። በዚህ ክርክር ላይ ብቻ የቆመ የሥነ ምግባር ፍርድ አዲስ ጥናት በወጣ ቁጥር ይናወጣል።

ሁለተኛውና ይበልጥ ጽኑ የሆነው ምክንያት ፍትሐዊነት ነው። የዕድር ወርኃዊ መዋጮ ሳይከፍል ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ እንዲተከልለት የሚፈልግ ሰው ድንኳኑን አይሰርቅም፤ ድንኳኑም በአንድ ቀን አገልግሎት አያረጅም። ቢሆንም ድንኳኑ የተገኘው ሌሎች ባዋጡት ገንዘብ በመሆኑ፣ እየቻለ ያላዋጣው ሰው በሌሎች ትከሻ ላይ ተንጠልጥሏል። ሙዚቃም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው ቅጅ ያለ ወጪ ሊገኝ ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን የስቱዲዮ ኪራይ፣ የሙዚቀኛ ክፍያና የወራት ድካም ይጠይቃል። ይህን ወጪ የሚሸፍኑት ከፋዮች ናቸው። መክፈል እየቻለ የማይከፍል ሰው ሁሉም እንደ እርሱ ቢያደርግ ሊኖር በማይችል ሥራ ይጠቀማል።

ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል?

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማስተባበያ ድምፃውያን ገቢያቸውን ከመድረክ ያገኛሉ የሚለው ነው። ማስተባበያው ለድምፃዊው በከፊል ይሠራ ይሆናል፤ የግጥምና የዜማ ደራሲውን ግን ይዘነጋል። መድረክ ላይ የማይቆመው ደራሲና አቀናባሪ ከሥራው ሊጠቀም የሚችለው በሽያጩና በሮያሊቲው ነው። አዋጁን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ለንግድ ዓላማ ከሚውሉ ሥራዎች ሮያሊቲ የሚሰበሰብበትን የጋራ አስተዳደር ሥርዓት ያካተተውም ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

ከገንዘቡ ባሻገር የስም ጉዳይ አለ። የሥራ አመንጪው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብት አለው። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ፋይል ግን ብዙ ጊዜ የድምፃዊውን ስም ብቻ ይዞ፣ የደራሲውንና የአቀናባሪውን ስም ጥሎ ይጓዛል።

የግዴታው ወሰን

የፍትሐዊነት መከራከሪያ የራሱ ገደብ አለው። ዕድሩ መዋጮ የሚቀበልበት መንገድ ከሌለው አልከፈልክም ብሎ መውቀስ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው ሁሉ አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 27 የሰው ልጅ ሁሉ በባህላዊ ሕይወት የመሳተፍ መብትና የደራሲዎች ቁሳዊና ሞራላዊ ጥቅም ጥበቃ ጎን ለጎን አስቀምጧል። አንዱ ሌላውን አይሽርም። በውጭ ምንዛሪ ካልተከፈለ የማይገኝን ፊልም ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ የሌለው ተማሪ ለጥናቱ ቢያወርደው፣ ድርጊቱ በሥነ ምግባር ሚዛን በጥቂት ብር ሊገዛው የሚችለውን የአገር ውስጥ አልበም በነፃ ከሚያወርድ ሰው ድርጊት ጋር እኩል አይደፋም። የመጀመሪያው ከሕግ ተጠያቂነት ላያመልጥ ይችላል፤ የፍትሐዊነት ወቀሳው ግን ይቀልለታል። ሁለተኛው ይህ ምክንያት የለውም። ፋይል እየጫነ ክፍያ የሚቀበለው ነጋዴ ደግሞ ለራሱ አስከፍሎ ለደራሲው የሚነፍግ በመሆኑ ጥፋቱ ከሁሉም ይከብዳል።

ስለዚህ ከቅጣቱ ክብደት ይልቅ የመክፈያው መንገድ መከፈት ይበልጥ ይሠራል። በ2011 ዓ.ም. ሙዚቀኞች ያቋቋሙት «አውታር» የተሰኘው መተግበሪያ ሙዚቃ በስልክ ሒሳብ እንዲገዛ ማድረጉ የዚህ ዓይነት ጥረት ምሳሌ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ በተከፈተ መጠን የአውራጁ ማመካኛ ይጠብባል፣ ግዴታውም ይጠነክራል። መንገዱ ሳይከፈት ግን አምስት ዓመት የሚያሳስር ድንጋጌ ብቻውን የሕዝቡን ልማድ አይለውጥም፤ ዘወትር የሚጣስ ሕግ ደግሞ ሊጠብቀው የተነሣለትን ደራሲ ሳይጠብቅ ይቀራል።