ሞተር የሚፈላው በቆላ ፀሐይ ነው?

ከመተሐራ በወለንጪቲ በኩል ወደ አዳማ ሲወጣ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጨስ የጭነት መኪና ያየ ሰው፣ ፍርዱ ወዲያው በፀሐዩ ላይ ነው። «የቆላው ሙቀት አፈላው» ይላል። አባባሉ ከፊል እውነት አለበት። ራዲያተር ሙቀት የሚያስወጣው በውስጡ ባለው ውሃና በውጭው አየር የሙቀት ልዩነት ነው። ውሃው 90 ዲግሪ፣ አየሩ 20 ሲሆን ልዩነቱ 70 ነው፤ አየሩ 35 ሲደርስ ወደ 55 ይወርዳል። አቅሙ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ጤነኛ ራዲያተር ግን ይህን ይችለዋል።

ትልቁ ፈተና ዳገቱ ነው። መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 950 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አዳማ 1,700፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 አካባቢ። ጭነት ይዞ የሚወጣ ሞተር ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፣ በከባድ ማርሽ ስለሚያዘግም ንፋስ ያንሰዋል፣ አየሩም እየሳሳ ይሄዳል። ውሃ የሚፈላበት ሙቀትም አብሮ ይወርዳል፦ በመተሐራ 97 ዲግሪ ገደማ፣ በአዳማ 94፣ በአዲስ አበባ 92። ሞተሩ በደህናው ቀን የሚሠራው በ90 አካባቢ ነው። «ደጋ ስደርስ ይበርድልኛል» ብሎ የሚገፋ ሹፌር የሚሄደው ውሃው ቶሎ ወደሚፈላበት አገር ነው።

ታዲያ አዲስ አበባ ያለ መኪና ሁሉ ለምን አይፈላም? በራዲያተሩ ክዳን ምክንያት። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ፤ በውስጡ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ይህ ግፊት የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ያሳድገዋል። ከክዳኑ ሥር ያለችው ጎማ ከተሰነጠቀች ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ያ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል። ሞተር ሲፈላ ፖምፓና ቬንቲሌተር ከመፈታታቸው በፊት ይህች ርካሽ ዕቃ ብትታይ ስንት ወጪ በቀረ ነበር!

«ኩላንት በረዶ ላለበት አገር ነው፤ ለእኛ ውሃ ይበቃል» የሚለውም ብዙ ሞተር ገድሏል። ኩላንት ከመርጋት የሚከላከለውን ያህል የመፍያውንም ነጥብ ከፍ ያደርጋል፤ ከሁሉም በላይ ዝገት ይከለክላል። የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ማዕድን አለው፤ ማዕድኑ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እየጋገረ ይዘጋቸዋል። ራዲያተሩ ሲራገፍ ቀይ አፈር የመሰለ ውሃ ከወጣ፣ እየተበላ ያለው የሞተሩ ብረት ነው።

ሌላው ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ነው። በየጋራዡ «ለቆላ አያስፈልግም» ይባላል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ በእርጥበትና በነዳጅ ይበላሻል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎችን የሚያሠለጥንበትን ትንሿን ዳይመንድ ዲኤ 40 ኤንጂ አውሮፕላን ተመልከቱ። ሞተሯ በውሃ የሚቀዘቅዝ የናፍጣ ሞተር ነው፤ መነሻውም የመርሴዲስ የቤት መኪና ሞተር ነው። አብራሪው ዘይቱ 50፣ ኩላንቱ 60 ዲግሪ ሳይደርስ አይነሳም። በአቪዬሽን መሞቅም እንደ መቀዝቀዝ ሕግ አለው።

ወፍራም ዘይት ለቆላ ይሻላል የሚለውም አይሠራም፤ ከሚገባው በላይ የወፈረ ዘይት ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፣ ጠዋት ላይም ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል። በመኪናው መመሪያ የተጻፈው ቁጥር ይበቃል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ መጥቆሩም ብቻውን አያስደንግጣችሁ፤ ጥላሸቱን እየሰበሰበ ነው። የሚያስደነግጠው መለኪያው ዘንግ ላይ ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ሲታይ ነው፤ ውሃ ገብቶበታል፣ ምናልባት የቴስታው ጓርኒሲዮን ሄዷል። ያን መኪና አታንቀሳቅሱት።

የሙቀት መለኪያውንም ያለ ልክ አትመኑት። ጠቋሚው የሚያነበው በውሃ ውስጥ ሲሆን ነው፤ ውሃው ፈሶ ካለቀ ሞተሩ እየነደደ ቀስቱ ዝቅ ሊል ይችላል።

ከፈላም ጥጉን ይዛችሁ ቁሙ። ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ወዲያው መክፈት ፊትና እጅ ይቀቅላል፤ ታፍኖ የቆየው ውሃ ግፊቱ ሲለቀቅ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። በጋለ ሞተር ላይ በሃይላንድ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ ቴስታውን ይሰነጥቃል። ቱቦው በእጅ ሲነካ እስኪቻል ድረስ፣ ግማሽ ሰዓትም ይፍጅ፣ ታገሡ።